ቆርቆሮ ውሃ አይጠጣም

«ቆርቆሮ ውሃ አይጠጣም» አለ ሀሚዱ ከኋላ ወንበር።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰሌዳው አጠገብ የቆመችው ኢቲሳም ማርከሯን እንደ ጦር ወደ እሱ ቀሰረች። ከጓደኛዋ ከሙጂባ ጋር የሣሉት የሰፈራቸው ካርታ በትልቅ ወረቀት ላይ ሆኖ በፕላስተር ተለጥፏል። በላይ ሰፈር ሠላሳ አራት ቀይ ነጥብ፣ በታች ሰፈር አሥራ ዘጠኝ ቀይ ነጥብ፣ ከመስጊዱ ጀርባ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ክብ። እያንዳንዱ ቀይ ነጥብ ቤት ነው። ሰማያዊው ክብ ቀበሌው ሊያሠራው ያሰበው የውሃ ቦኖ መቆም አለበት ብለው የመረጡት ቦታ ነው።

«ምን ለማለት ነው?» አለች።

«የቆጠራችሁት ጣራ ነው ለማለት ነው። ጣራው ሥር ማን አለ? የናንተ ሰፈር ግማሹ ቤት ዝግ ነው። ባለቤቶቹ ሪያድና ጅዳ ናቸው። ከዚያ ጀሪካን ይዘው መጥተው ሊቀዱ ነው?»

«ቅናት ነው» አለች ሙጂባ። «የናንተ ሰፈር አዲስ ቆርቆሮ ስለሌለው ነው።»

«እኛ ጋ ቆርቆሮ የለም፣ ሰው አለ። እናንተ ጋ ቆርቆሮ አለ፣ ሰው የለም።»

«በቃ፣ ሙድ ያዘባቸው» አለ ሽታው ከመስኮቱ በኩል፤ ሳቁ እንደገና ተነሣ።

ኢቲሳም ንዴቷ እንደ ገለባ እሳት ነው፤ ቶሎ ይንቦገቦጋል። ልትመልስለት አፏን ስትከፍት መምህር ፈንታሁን እጃቸውን አነሡ። ተማሪዎች ሲከራከሩ ማቋረጥ ስለማይወዱ እስከዚያ ድረስ ግድግዳውን ተደግፈው ያዳምጡ ነበር።

«ኢቲሳም፣ ቤት ለቤት ዞራችሁ ነው የቆጠራችሁት?»

«አዎ መምህር፣ ዞረን ነው።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ጆሮዋ ጋለ።

«ጥሩ። ቅዳሜ የሁለቱም ሰፈር ሰው እዚሁ ክፍል ይሰበሰባል። የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ አብዱልመናን ካርታውን አይተው ሕዝቡን ሊያወያዩ ነው። እስከዚያ የሚታረም ካለ ይታረም» አሉና ደወሉ ተደወለ።

ጂኦግራፊ ለኢቲሳም እንዲህ የሚያጣላ ትምህርት ሆኖ አያውቅም ነበር። እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ስለ ምድር የተማሩት ሁሉ ሽምደዳ ነበር። የረጅሙ ወንዝ ርዝመት ስንት ነው፣ የሰፊው በረሃ ስም ማን ይባላል፣ ጻፍ፣ ሸምድድ፣ ተፈተን፣ እርሳ። ባሕር ማዶ ያለ በረሃ በስሙ የሚጠራ ልጅ እናቱ በየማለዳው የምትቀዳው ውሃ ከየት እንደሚመነጭ አያውቅም። እንዲያውቅ የሚጠይቀውም የለም። ስም አሸምድዶ «ምድርን አስተማርኩ» ማለት የምግብ ቤት ዝርዝር አስነብቦ «አበላሁ» እንደ ማለት ነው።

መምህር ፈንታሁን ዘንድሮ ከደላንታ ተዛውረው የመጡ ዕለት ግን ደብተር አስዘግተው «ሰሜን ወዴት ነው? በጣታችሁ አሳዩኝ» አሉ። ሃምሳ ምናምን ጣት ወደ ሰሌዳው ተቀሰረ፤ ካርታ ሁልጊዜ እዚያ ስለሚሰቀል። ሁለት ልጆች እንዲያውም ወደ ኮርኒሱ አመለከቱ፤ ሰሜን ከላይ ነው ተብለው ስለተማሩ።

መምህሩ አልሳቁም። «የምትሰግዱ ልጆች፣ ስትሰግዱ ወዴት ትዞራላችሁ?» ሲሉ ግን የሙስሊሞቹ ልጆች እጅ ሁሉ ሳያመነታ ወደ ግራው መስኮት፣ ወደ ውጫሌው መንገድ በኩል ሄደ። «መካ ከእኛ ከሐይቅ ልክ ወደ ሰሜን ናት። በቀን አምስት ጊዜ የምትዞሩባትን ሰሜን ፈተና ላይ ታጧታላችሁ» አሉ። ቀጥለው ሽታውን፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲጸልይ ወዴት እንደሚቆም ጠየቁት። «ወደ ምሥራቅ» ብሎ ወደ ሰሌዳው አመለከተ። «በሉ እንግዲህ፣ ሰሜኑ ከእነዚህ፣ ምሥራቁ ከእነዚያ። አንድ ላይ ስትቀመጡ ኮምፓስ ናችሁ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ኢቲሳም ጂኦግራፊን ወደደችው። ከቤቷ እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ በእርምጃ ለካች። ጎርፍ በየት እንደሚወርድ፣ ጥላ በስንት ሰዓት የት እንደሚያርፍ ሣለች። ስለዚህ የቦኖው ሥራ ሲሰጥ ቀድማ እጇን ያወጣች እሷ ናት። ቀበሌው ያያቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ላይ ሰፈር ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሌላው ቁልቁለቱን ወርዶ ታች ሰፈር መግቢያ ላይ፣ ሾላው ሥር። የተማሪዎቹ ሥራ የትኛው ለብዙ ሰው እንደሚቀርብ በካርታ ማሳየት ነበር።

መዞሩ ግን አልሆነም። ባለፈው ቅዳሜ ሙጂባ ወንድሟ ከሪያድ የላከላትን ስልክ አውጥታ «ምን ያንከራትተናል? ሰፈሩ ይኸውና ከሰማይ» አለች። የሳተላይቱ ምስል ላይ የላይ ሰፈር አዲስ ቆርቆሮዎች እንደ መስታወት ያበራሉ። የታች ሰፈር ከባሕር ዛፉ ሥር ስለሆነ ጥቂት ዝገት ብቻ ይታያል። ቆጠሩ፣ ነጥብ አደረጉ፣ አለቀ። ኢቲሳም ትንሽ ቅር ብሏት ነበር። ግን ከመስጊዱ ጀርባ እስከ ቤቷ ደጅ ስድሳ እርምጃ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ማለዳና ማታ፣ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ከምንጩ ግማሽ ሰዓት የምታዝለው ደግሞ ራሷ ናት። ስድሳ እርምጃን ያሰበ ጀርባ ቅርታውን ቶሎ ይረሳል።

ክርክሩ በተነሣ ማግስት፣ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ፣ ሀሚዱ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ነይና ቁጠሪ። ከፈራሽ ግን ይቅር።»

«ማንን ነው የምፈራው፣ አንተን?» አለችና ቦርሳዋን አጥብቃ ተከተለችው። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲሳሳትላት ፈልጋ ነው የሄደችው።

ቁልቁለቱን ወርደው ሾላውን አልፈው ባሕር ዛፉ ውስጥ ገቡ። ሀሚዱ አንድ የዛገ ጣራ ፊት ቆመ። «ይሄ በካርታሽ ላይ አንድ ነጥብ ነው።»

በዚያ ጣራ ሥር ሦስት በር ነበር። በመጀመሪያው በር እማማ ዑምኩልሱም አራት የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ይኖራሉ፤ የልጆቹ እናት ጅዳ ናት። በሁለተኛው ልጃቸው ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር፣ በሦስተኛው አንዲት ተከራይ ከሕፃኗ ጋር። ኢቲሳም ደብተሯን አወጣችና ጻፈች፤ አሥራ ሁለት ሰው።

«ምንድን ነው የምትጽፊው ልጄ? እርዳታ መጣ እንዴ?» አሉ እማማ ዑምኩልሱም።

«አይ እማማ፣ የጂኦግራፊ ትምህርት ነው።»

«እኔን መቁጠር ትምህርት ሆነ? ወይ ዘመን። የማን ልጅ ነሽ?»

«የመስኡዳ።»

«የሸህ ይመር የልጅ ልጅ? አላህ ይዘንላቸው። ቃሬዛቸውን ከፊት የያዘው ይሄ ልጄ ነው እኮ። ያ ዝናብ፣ ያ ጭቃ። አንቺ ነሽ መሰለኝ ውሃ ስታቀርቢ የነበርሽው፣ ረዘምሽ።»

ኢቲሳም እርሳሱን ወረቀቱ ላይ እንዳሳረፈች ቀረች። አያቷ አምና ክረምት ሲያርፉ ቅሬው ተጠራ፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለውን፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል አብሮ የሚቀብረውን የሰፈር ማኅበር ነው እነሱ ቅሬ የሚሉት። ዳገቱን ወጥቶ ድንኳን የተከለው፣ መቃብር የቆፈረው፣ ቃሬዛ የተሸከመው ከታች የመጣ ሰው ነበር። የላይ ሰፈር ጎረቤት በስልክ ነው ያለቀሰው። ያኔ ይሄን ማንም አልነገራትም፣ እሷም አላየችውም። አሁን ደብተሯ ላይ አየችው።

መሽቶ አዛን እስኪል ድረስ በር አንኳኩ። ከአሥራ ዘጠኙ ሌላ ባሕር ዛፉ የሸፈናቸው ስምንት ጣራዎች አገኙ። ሃያ ሰባት ጣራ፣ አርባ ስድስት ቤተሰብ፣ መቶ ዘጠና ስምንት ሰው።

«እሺ፣ አሁን ስደበኝ» አለች ኢቲሳም።

«ደክሞኛል፣ ነገ» አለ ሀሚዱ።

በማግስቱ ዓርብ ነው። ትምህርት በግማሽ ቀን ሲለቀቅ ሙጂባን ጎትታ የራሷን ሰፈር ማንኳኳት ጀመረች። ከሠላሳ አራቱ በር አሥራ አምስቱ ድምፅ አልሰጠም። አንዱ የገዛ እህቷ የሳጂዳ ቤት ነው። ሳጂዳ ከሪያድ ገንዘብ እየላከች አስገነባችው፤ ከተጠናቀቀ ሦስት ዓመት ሆኖት ማንም አላደረበትም። አቧራውን በየሳምንቱ የምትጠርገው ኢቲሳም ናት። ባዶ መሆኑን ከሰው ሁሉ አብልጣ እያወቀች በገዛ እጇ ቀይ ነጥብ አድርጋበታለች። አሥራ ዘጠኝ ቤተሰብ፣ ሰባ አንድ ሰው።

ሙጂባ የግቢው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «እና ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልናርመው ነዋ።»

«አቦ ተይ ኢቲ። ማን ያውቅብናል? ሀሚዱን ማን ይሰማዋል? እኔ ለራሴ አይደለም፤ እኛ ቤት ውሃ በጋሪ ነው የሚመጣው። በቀን ሁለቴ የምትጎብጪው አንቺ ነሽ። ቦኖው ደጅሽ መጥቶ አንቺ ትመልሽዋለሽ?»

ኢቲሳምን ያናደዳት ይሄ ነው፤ ሙጂባ እውነቷን ነበር።

«እሺ መሃል ላይ እናድርገው» አለች ሙጂባ። «ከሁለቱ መሃል። ማንም አይቀየምም።»

«የወረቀቱ መሃል የት እንደሚያርፍ ታውቂያለሽ? ቦረቦሩ ውስጥ። ጎርፍ የቦረቦረው ገደል ነው። እዚያ ቦኖ የሚተክለው ዝንጀሮ ነው።»

ሙጂባ ሳታስበው ሳቀች። ኢቲሳምም ሳቀች፤ ግን ሰማያዊው ክብ የት ይሁን የሚለው አልተፈታም።

ወደ ትምህርት ቤት ተመልሰው መምህር ፈንታሁንን መምህራን ክፍል በር ላይ አገኟቸው። ኢቲሳም እንደ መርፌ መወጋት በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። «መምህር፣ ረቡዕ ዋሽቼዎታለሁ። አልዞርንም ነበር፤ ከስልክ ነው የቆጠርነው።»

«አውቃለሁ። ያን ሁሉ ሰፈር ዞሮ ጫማው የሚያበራ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉን?»

«ሀሚዱ ዝም አላላችሁም። የሱ ይበቃል ብዬ ነው» አሉና ደብተሯን ተቀብለው ቁጥሮቹን ረጅም ጊዜ አዩ። «ይሄ ሥራ ነው። ወረቀት ግን አልቆብኛል። በጀርባው ሣሉት።»

«እና የቱን እናቅርብ?»

«እኔ የላይ ሰፈርም የታች ሰፈርም አይደለሁም። ውሃ የምትቀዱት እናንተ ናችሁ» ብለው ደብተሯን መለሱላት።

አዲሱን ካርታ በጀርባው ሣሉት። በዚህኛው ላይ ነጥቡ ሰው ነበር እንጂ ጣራ አልነበረም። ታች ሰፈር በነጥብ ቀላ፤ ላይ ሰፈር ሳሳ። ሰማያዊውን ክብ ግን ኢቲሳም ሳታሰፍረው ወረቀቱን ጠቅልላ ወደ ቤት ሄደች።

እናቷ መስኡዳ ደጁ ላይ መሬት ትቆፍራለች። ቦኖው ሲመጣ ከሚተርፈው ውሃ ጎመን ልታበቅል መደብ እያወጣች ነበር። ኢቲሳም እዚያው ቆማ ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ ዶማውን ሳትጥል ሰማቻት።

«ማን አስገደደሽ?»

«ማንም።»

«ስንት ናቸው ታች?»

«መቶ ዘጠና ስምንት።»

«እኛስ?»

«ሰባ አንድ።»

መስኡዳ ወገቧን ይዛ ቀና አለች። «ቁጥሩ ይሁን። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እነሱ ወደ እኛ ቢመጡ ባዶ ጀሪካን ይዘው ይወጣሉ፣ ሞልተው ይወርዳሉ። እኛ ወደ ሾላው ብንወርድ ባዶ ወርደን ሞልተን ልንወጣ ነው። ይሄን ካርታሽ ላይ አስገብተሽዋል?»

ኢቲሳም አላስገባችውም ነበር።

«ከሾላው እስከዚህ ስንት ነው?»

«ስድስት መቶ አርባ እርምጃ።»

«ባዶሽን ነው የለካሽው?»

«አዎ።»

«ባዶ እጅ የለካሽው ለማን ይጠቅማል? ሰው ቦኖ የሚሄደው ለሽርሽር ነው? በይ፣ ጀሪካኑን አምጪ።»

እናትና ልጅ ባዶውን ጀሪካን ይዘው ሾላው ሥር ወረዱ። ውሃ እዚያ ስለሌለ ውሃ የሞላ ጀሪካን ያህል እስኪከብድ ድረስ አሸዋ እየዘገኑ ጨመሩበት። ሀሚዱ ከባሕር ዛፉ ብቅ ብሎ «አሸዋ ነው ደግሞ የምትጠጡት?» አለ። መስኡዳ «ና አንሣልን እንጂ፣ ምላስህን ብቻ ታነሣለህ» አለችው። አንሥቶ ኢቲሳም ጀርባ ላይ አደረገላት።

ዳገቱ ስትወርድ የነበረው ዳገት አልነበረም። እርምጃዋ አጠረ፤ ሦስት ጊዜ አረፈች። እናቷ ከጎኗ ሆና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትቆጥራለች። ግማሽ መንገድ ላይ ጀሪካኑን ተቀበለቻትና ኢቲሳም መቁጠሩን ቀጠለች። ደጃቸው ሲደርሱ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት ሆነ።

«ከምንጩስ ሲሆን?» አለች መስኡዳ እየተነፈሰች።

«ከዚያማ እጥፍ ነው።»

«እንግዲያው ዛሬ ካለንበት ተሻልን፤ አልሐምዱሊላህ። ከደጃችን ግን ራቀብን። እንዳታቃልዪው፣ እንዳታከብጂውም። እንዳለ ንገሪያቸው» አለችና አሸዋውን ያዘጋጀችው መደብ ላይ ደፋችው። «ለጎመኑም ይበጃል። ጎመኑ የክረምት ይሆናል በቃ።»

ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። የላይ ሰፈር ሰው በአንድ በኩል፣ የታች ሰፈር ሰው በሌላው በኩል ወንበር ይዟል። እማማ ዑምኩልሱም የተማሪ ዴስክ ውስጥ ተጨናንቀው «ልጅ ሆንኩ» እያሉ ይስቃሉ። መስኡዳ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አቶ አብዱልመናን መነጽራቸውን ጠርገው «እስቲ ተማሪዎቹ ያጠኑትን ያሳዩን» አሉ።

ኢቲሳም የተጠቀለለውን ወረቀት ዘረጋችው። በአንደኛው ገጽ ከመስጊዱ ጀርባ ያለው ሰማያዊ ክብ አለ። የሌላው ገጽ ክብ ገና አልተሣለም። ሙጂባን አየቻት። ሙጂባ ፕላስተሩን በጥርሷ ቆርጣ አራት ቁራጭ በጣቷ ጫፍ ይዛ አቀበለቻት።

ኢቲሳም የጣራውን ገጽ ወደ ግድግዳው አዙራ ለጠፈችው። ከዚያ ማርከሩን ከፍታ ሾላው ሥር ክቡን አሠፈረች። ከላይ ሰፈር ወንበሮች ማጉረምረም ተሰማ። አንድ ሰው «ይቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው?» አለ።

አቶ አብዱልመናን ወደ ካርታው ቀረቡ፣ ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺ የላይ ሰፈር ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ቤታችሁ የቱ ነው?»

ጣቷን ከመስጊዱ አጠገብ ተጠጋግተው ባሉ ጥቂት ነጥቦች ላይ አደረገች፤ ከጎናቸው በእስክሪብቶ 912 ተብሎ ተጽፏል።

«ከሁሉም በፊት» አለች «ከኛ ቤት ልጀምር።»